የከብት ሳንባ ነቀርሳ ከየት መጣ? ጀርሙን በዘረመል ስለ መለየት

መግቢያ

የሳንባ ነቀርሳ የያዛት ላም ሕመሙ ሳይታወቅባት ለረዥም ጊዜ ልትቆይ ትችላለች። እየበላችና እየታለበች በሽታውን ለመንጋው ታስተላልፋለች። ስለዚህ አንዲት ላም ታማ ስትገኝ በሽታው ከየት እንደ መጣ መመርመር ሌሎቹን ለማዳን ይረዳል።

የምርመራው ዘዴ

የነቀርሳ ጀርሞች በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ በዘረመላቸው ግን ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ የሆነው ስፖሊጎታይፒንግ የተባለው ዘዴ በጀርሙ ዘረመል ውስጥ 43 ምልክቶች መኖር አለመኖራቸውን ይመረምራል። ውጤቱ በከብት ጭን ላይ እንደሚተኮስ የባለቤት ምልክት ያገለግላል። ዋናው የከብት ነቀርሳ ጀርም፣ ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ፣ የመጨረሻዎቹ አምስት ምልክቶች የሉትም።

በአገራችን የታወቀው

በኢትዮጵያ ከታረዱ ከብቶች የተገኙ ጀርሞች ሲመረመሩ ብዙዎቹ የማይኮባክቴሪየም ቦቪስ ዝርያዎች ሲሆኑ፣ በኡጋንዳ፣ በቡሩንዲና በታንዛኒያም ከሚገኝ «አፍሪካ 2» ከተባለ ወገን ናቸው። በአንዳንድ ከብቶች ላይ ደግሞ የሰው ነቀርሳ ጀርም ተገኝቷል። ይህም አርቢው ራሱ በሽታውን ለከብቱ ሊያስተላልፍ እንደሚችል ያመለክታል።

ጥንቃቄ

በሁለት ላሞች ላይ አንድ ዓይነት ዝርያ ቢገኝ አንዷ ከሌላዋ ወስዳለች ለማለት ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ዝርያው በአካባቢው የተስፋፋ ሊሆን ይችላልና። ጎረቤትን ከመውቀስ በፊት የግዢና የዝውውር መዝገብ ከውጤቱ ጋር መታየት አለበት። መዝገብ ከሌለ የላቦራቶሪው ድካም ግማሹ ከንቱ ይቀራል።

አርቢው ማድረግ የሚገባው

1. ላም ከመግዛትዎ በፊት በቱበርክሊን ያስመርምሩ። መርፌው አንገቷ ላይ ከተወጋ በኋላ ውጤቱ በ72ኛው ሰዓት ይነበባል።

2. እያንዳንዱ ከብት የተገዛበትን ቦታና ቀን፣ ከሌላ መንጋ ጋር የተቀላቀለበትንም ጊዜ ይመዝግቡ።

3. የታረደ ከብት ሳንባ ወይም ንፍፊት እብጠት ወይም መግል ከታየበት ለእንስሳት ሐኪም ያስታውቁ። ናሙናውን ሐኪሙ ይውሰድ፤ የከብቱም ማንነት አብሮ ይጻፍ። ጀርሙ በላቦራቶሪ እስኪያድግ ሳምንታት ስለሚፈጅ ውጤቱን በትዕግሥት ይጠብቁ።

4. ወተት ሳይፈላ አይጠጡ፤ ለልጆችም አይስጡ።

5. በቤት ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስለው ሰው ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ተመርምሮ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስም ከብቶቹን ሌላ ሰው ይንከባከብ።