ከነቀምቴ የተነሣ ድምፅ፦ ቄስ ጉዲና ቱምሳና የንግግር ታሪክ ምንጮች

ስለ ቄስ ጉዲና ቱምሳ የተጻፉ ጥናቶች በአብዛኛው የሚመሠረቱት በእንግሊዝኛ ባዘጋጇቸው ደብዳቤዎችና ሰነዶች ላይ ነው። በወለጋ ከተሞች ግን ስማቸው የገነነው በአንደበታቸው ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ሰነዶቹን ንግግሩ ወደተወለደበት ወደ ነቀምቴ መልሶ ለማንበብ ይሞክራል። የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዲና በ1929 በምዕራብ ወለጋ ቦጂ ተወለዱ። በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በነቀምቴ ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ክፍል በድሬሰርነት አገለገሉ፤ ቀጥሎም በዚያችው ከተማ ሰባኪ ሆኑ። በ1958 ቅስና ተቀበሉ። ከ1963 እስከ 1966 በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ፣ በሉተር ሴሚናሪ ተምረው ሲመለሱ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። በዚህ ኃላፊነት እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ቆዩ።

ከሰነዶቹ ሁሉ ይበልጥ የታወቀው በ1972 ቤተ ክርስቲያኒቱ መቀመጫው በጄኔቫ ለሆነው ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ ነው። የውጭ ለጋሾች ለሆስፒታል፣ ለትምህርት ቤትና ለውኃ ጉድጓድ በፈቃደኝነት ይሰጡ ነበር፤ ለስብከት፣ ለምእመናን ጉባኤና ለአገልጋዮች ሥልጠና ሲጠየቁ ግን እጃቸው ያጥር ነበር። ደብዳቤው ይህን ክፍፍል ይሞግታል፤ ሰው አንድ ሙሉ ፍጡር ስለሆነ ሥጋውን ከመንፈሱ ለይቶ መርዳት አይቻልም ይላል። በአማርኛ «ሁለንተናዊ አገልግሎት» የምንለው ሐሳብ ዋነኛ መነሻዎች አንዱ ይኸው ነው።

ይህን ሐሳብ በሚኒሶታ ከተቀሰመ ነገረ መለኮት ብቻ ማብራራት የተለመደ ነው። በእኔ ግምት ግን ሥሩ ከዚያ ይቀድማል። በሳምንቱ ቀናት ቁስል ሲያጥብና ፋሻ ሲቀይር የሚውል ወጣት፣ በሰንበት ለእነዚያው ሕሙማንና ለቤተሰቦቻቸው ሲሰብክ፣ «ልማት» እና «ወንጌል» የሚባሉ ሁለት የበጀት ርእሶች ሊታዩት አይችሉም። ከገጠር በሰው ትከሻ ተጭኖ የመጣ በሽተኛም የሚፈልገው መድኃኒትና የሚያጽናና ቃል አንድ ላይ ነው። ስለዚህ የጄኔቫው ደብዳቤ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ የነቀምቴ ስብከት ነው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

የ1974ቱ አብዮት ሲፈነዳ ይኸው አንደበት ሌላ ፈተና ገጠመው። የመሬት አዋጁ ለጭሰኛው የሰጠው ተስፋ በወለጋም ትልቅ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም በ1975 ባወጣችው መግለጫ የፍትሕን ጥያቄ አልተቃወመችም፤ ሆኖም ማንኛውም ርዕዮተ ዓለም ፍጹም ተደርጎ እንደማይወሰድ አሳወቀች። ታናሽ ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ ከኦሮሞ ነፃነት ግንባር መሥራቾች አንዱ መሆኑም የደርግን ጥርጣሬ ሳያብሰው አልቀረም። ጉዲና ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈቱ። በታንዛኒያው ፕሬዚዳንት በጁሊየስ ኔሬሬ አማካይነት ከአገር የሚወጡበት መንገድ ሲመቻችላቸው ምእመናኔን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. (ጁላይ 28 ቀን 1979) በአዲስ አበባ ከአምልኮ ሲወጡ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1992 ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶለሳም ወደ 10 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በእስር አሳልፈዋል።

እዚህ ላይ የአሜሪካው አብዮት ተናጋሪ የፓትሪክ ሄንሪ ጉዳይ ይጠቅመናል። ሄንሪ በማርች 1775 በቨርጂኒያ፣ በሪችመንድ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተደረገ ጉባኤ ላይ ያሰማው የነፃነት ንግግር በዓለም የታወቀ ነው። (ባሪያዎች የነበሩት ሰው ስለ ነፃነት እንዲያ መናገሩ ራሱን የቻለ ርእስ ነው።) ነገር ግን ንግግሩ በወቅቱ አልተጻፈም። ዛሬ የምናነበውን ቃል ያሳተመው ዊልያም ዊርት ነው፤ እርሱም በ1817፣ ከ42 ዓመት በኋላ፣ ከአድማጮች ትውስታ ሰብስቦ። ሄንሪ ራሱ በ1799 ስለሞተ ጽሑፉን አላየውም። በመሆኑም ከታወቁት ሐረጎች ውስጥ የሄንሪ የትኛው፣ የዊርት የትኛው እንደሆነ የታሪክ ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

የጉዲና ጉዳይ በአንድ በኩል የተሻለ ነው፤ በእጃቸው የጻፉት አለን። በሌላ በኩል የነቀምቴው ስብከት በአድማጮች ልብ ውስጥ ነው ያለው። በ1958 የ20 ዓመት ወጣት የነበረ አድማጭ ዛሬ ከ85 ዓመት በላይ ነው። ከነቀምቴ እስከ ነጆና ቦጂ ያሉት አረጋውያን ቃል ሳይቀዳ ከቀረ ለዊርት ያህል የዘገየ ሰብሳቢ እንኳ የሚሰበስበው አያገኝም።

አሰባሰቡም ጥንቃቄ ይሻል። «ምን አሉ?» ብሎ የሚጠይቅ ተመራማሪ የሚያገኘው ከሰማዕትነታቸው በኋላ የተወለወለ ጥቅስ ነው። የት ተቀምጠው እንደሰሙ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደተናገሩ፣ ከስብከቱ በኋላ በየቤቱ ምን ክርክር እንደተነሣ መጠየቅ ይሻላል፤ መልሱም ሳይታረም፣ በተናጋሪው በራሱ ቋንቋ ሊቀዳ ይገባል።