ፊደል ከቤት ይጀምራል

መርሳ የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። ከወልድያ ወደ ደሴ ሲሄዱ መንገድ ላይ ትገኛለች።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ተጀመረ። ያኔ ፊደል የቆጠሩ ወጣቶች ዛሬ አያቶች ናቸው። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በአገራችን ለሕፃናት ዜሮ ክፍል መከፈት ጀመረ። ነገር ግን በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሰሜን ወሎ ደረሰ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ብዙዎቹም ተጎዱ።

ትምህርት ቤት ቢዘጋ የልጅ አእምሮ አይዘጋም። ጎረቤታሞች ሕፃናቱን ይሰብስቡ። አያት ተረት ያውሩ። ማንበብ የሚያውቅ ፊደል ያስቆጥር። ደብተር ከሌለ መሬት ላይ በእንጨት ይጻፋል። ቁጥርም በማንጎ ፍሬ ይለመዳል። ያወቀ ላላወቀ ያካፍል!

ጥያቄ፦
1. ዜሮ ክፍል መቼ ተጀመረ?
2. እርስዎ ዛሬ ማታ ለልጅዎ ምን ያስተምሩታል?