አየር የለሽ ጎማ በተጣጣፊ ብስክሌት ላይ፦ ከፎገራ ሜዳ ሁኔታ አንጻር

ከወረታ ወደ ጣና ዳርቻ ቀበሌዎች ለመረጃ ስብሰባ የሚወርድ ተመራማሪ ወይም የግብርና ባለሙያ ሁለት ዓይነት ጉዞ ይጠብቀዋል። አንደኛው ከባሕር ዳር ወይም ከጎንደር አስፋልቱን ይዞ በሚኒባስ የሚደረገው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአስፋልቱ ወርዶ በሩዝ ማሳዎችና በግጦሽ መሬቶች መካከል የሚቀጥለው ነው። ታጥፎ በሚኒባስ የሚጫን ብስክሌት ሁለቱን ሊያገናኝ ይችላል። እንቅፋቱ እሾህ ነው። ጎሚስታ ከአስፋልቱ ዳር እንጂ ከማሳው መካከል ስለማይገኝ፣ ካላማዳሪያው የተበሳበት ሰው ብስክሌቱን እየገፋ ይመለሳል፤ በዕለቱ የቀጠራቸው ገበሬዎችም ሳይጠየቁ ይቀራሉ።

የእሾሁ ምንጭ ብዙ ነው። በፎገራ የጋራ ግጦሽ ላይ የተስፋፋው አሜከላ ለከብቶቹ ጠላት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሲደርቅ ለጎማም አይመለስም። ከአጥር የሚረግፈው የግራር እሾህም አለ። ትንሽ ጎማ ከትልቅ ይልቅ ቶሎ ይበሳል የሚባለው ግን በከፊል ብቻ ትክክል ነው። ባለ 20 ኢንች ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር 640 ጊዜ ያህል ሲዞር፣ ባለ 28 ኢንቹ 455 ጊዜ ያህል ይዞራል። ሁለቱም የሚረግጡት የመሬት ርዝመት እኩል ስለሆነ የሚያገኙት እሾህ አይለያይም፤ ልዩነቱ አንዴ የተሰካውን እሾህ ትንሹ ጎማ ደጋግሞ በመርገጥ ፈጥኖ ወደ ውስጥ መግፋቱ ነው።

ጆን ቦይድ ደንሎፕ እ.ኤ.አ. በ1888 በአየር የሚነፋ ጎማ የባለቤትነት መብት ከማግኘቱ በፊት ብስክሌቶች በድፍን ላስቲክ ይሄዱ ነበር። የዛሬው አየር የለሽ ጎማ፣ በውስጡ ጥቃቅን ዝግ ቀዳዳዎች ካሉት ፖሊዩረቴን ቢሠራም፣ በመርህ ደረጃ ወደዚያው መመለስ ነው።

በመግጠም ረገድ ቀዳሚው ሥራ መለካት ነው። «20 ኢንች» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም፤ በዚህ ስም የሚጠሩ የ406 እና የ451 ሚሊ ሜትር ቸርኬዎች አሉና፣ የአንዱ ጎማ ለሌላው አይሆንም። የቸርኬው የውስጥ ስፋትም መለካት አለበት፤ ጎማውን የሚይዘው የአየር ግፊት ሳይሆን ከቸርኬው ከንፈር ሥር የሚገባው ጠርዙ ወይም መቆለፊያ ዘንጎቹ ናቸው። ጎማውን በሙቅ ውኃ ዘፍዝፎ ማለስለስ፣ አንዱን ወገን በገመድ አጥብቆ ማሰር፣ የቀረውን በጠንካራ ማላቀቂያ ማስገባት የተለመደው አሠራር ነው። ጎማው በእጅ ብቻ ያለ ችግር ከገባ ልኩ አይደለም፤ በመታጠፊያ ላይ ሊወጣ ይችላል።

ዋጋው በጉልበት ይከፈላል። ብስክሌቱና ነጂው በአንድነት 85 ኪሎ ግራም ቢመዝኑና ፍጥነቱ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ የመንከባለል መቋቋሚያውን 0.007 አድርገን ስናሰላ የሚፈለገው ኃይል 24 ዋት ገደማ ነው። ድፍኑ ጎማ ይህን እጥፍ ያደርገዋል ብንል 49 ዋት ይሆናል። ለአየር ግፊያ የሚወጣው 22 ዋት ያህል ሲጨመርበት ድምሩ ከ46 ወደ 71 ይወጣል። ዳገት በሌለው ሜዳ ላይ፣ ሳይቸኩል ለሚነዳ ሰው ይህ ጭማሪ በእግር የሚታወቅ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ማጠፊያው ነው። የፎገራ ዋልካ አፈር በክረምት ከርብና ከጉማራ ሙላት ጋር ጭቃ ሆኖ ማንኛውንም ብስክሌት ያቆማል፤ በዚያ ወቅት የጎማው ዓይነት ለውጥ አያመጣም። በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ ከብት በእርጥቡ የረገጠው ኮቴም እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። አየር ያለው ጎማ ይህን ንዝረት በከፊል ይውጠዋል፤ ድፍኑ ግን ወደ ቸርኬው ሽቦዎችና ወደ ብስክሌቱ ማጠፊያ ያስተላልፈዋል። በመንገድ የላላ ማጠፊያ ከተበሳ ካላማዳሪያ የከፋ አደጋ አለው።

በመሆኑም ሁለቱንም ጎማዎች መለወጥ አይመከርም። አየር የለሹ ለኋላ ይሁን፤ ሰንሰለት ያለበትን የኋላ ቸርኬ ሜዳ ላይ ፈትቶ መለጠፍ ከፊተኛው ይልቅ አድካሚ ነውና። የፊተኛው፣ መሪውንና እጅን ከንዝረት እንዲጠብቅ በአየር ይቆይ፤ በጎማውና በካላማዳሪያው መካከልም ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ንጣፍ ይግባበት። ነጂው መንፊያ፣ ማስቲሽና ልጣፊ ከመያዝ አያመልጥም፤ ማጠፊያውንና የኋላ ሽቦዎቹን ከአስፋልቱ በወረደና በተመለሰ ቁጥር መፈተሽም ይኖርበታል።