ቅጽልና ቅጽል ስም

ቅጽል ከስም በፊት እየገባ የስሙን መልክ፣ መጠን፣ ጠባይ ወይም ዓይነት የሚገልጽ ቃል መሆኑን ባለፉት ትምህርቶች ተመልክተናል። «ቀዩ በሬ ሣር ጋጠ» ባልን ጊዜ «ቀዩ» የበሬውን ቀለም ይነግረናል። በአማርኛ ስሙን ትቶ በቅጽሉ ብቻ መናገርም ይቻላል። «ቀዩ ሣር ጋጠ» ቢባል፣ ስለ የትኛው በሬ እንደሚነገር አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ዐረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው። ለበሬ ይህ አነጋገር ጉዳት የለውም። ለሰው ሲሆን ግን ቅጽሉ የስሙን ቦታ እንደ ያዘ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ቅጽል ስም ይሆናል።

የሚከተለውን አንቀጽ በጥሞና አንብቡ።

«በጥቅምት ወር ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ አንድ ልጅ ወደ ክፍላችን ገባ። ጠጉሩ የገብስ ነዶ ይመስላል፤ ቆዳው እንደ ወተት ነጭ ነው፤ ዓይኖቹ ብርሃን ሲያርፍባቸው ይርገበገባሉ። ገና በመጀመሪያው ቀን ‹ነጩ› የሚል ስም ወጣለት። የተጻፈውን ሊገለብጥ ተነሥቶ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ሲጠጋ ተሣቀበት። ከዚያ በኋላ ከመቀመጫው መነሣቱን ተወ፤ ደብተሩም ባዶውን ይውል ጀመር።»

አንቀጹ መልካም የአገላለጽ ችሎታ ይታይበታል፤ በተለይ የገብሱ ነዶ ያማረ ምሳሌ ነው። ግሦቹን ግን እንመርምር። «ስም ወጣለት» ይላል። ስም እንደ ፀሐይ በራሱ አይወጣም፤ የሚያወጣው ሰው አለ። «ተሣቀበት» ይላል። የሣቀውስ ማን ነው? ተደራጊ ግሥ አድራጊውን ይሸሽጋል። አድራጊው በማይታወቅበት ጊዜ ይህ ተገቢ ነው። እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው ራሱ ከሣቁት አንዱ መሆን አለመሆኑን አንባቢው ሊያውቅ አይችልም። «ሁሉም ሣቀ» ቢልም ያው ነው፤ «ሁሉም» ለመሸሸጊያ የሚመች ቃል ነው።

ሰሎሞን አሽ የተባለው የሥነ ልቡና ምሁር በ1951 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ይህንን ነገር ይመለከታል። በአሜሪካ አገር የኮሌጅ ተማሪዎችን በቡድን አስቀምጦ የመስመሮችን ርዝመት እንዲያወዳድሩ አደረገ። ከአንዱ በቀር ሌሎቹ አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ እንዲሰጡ አስቀድሞ ተነግሯቸው ነበር። በዚህ ዓይነት የተፈተኑት ተማሪዎች ትክክለኛውን በዓይናቸው እያዩ፣ በአማካይ ከሦስት መልስ አንዱን ያህል ከብዙኃኑ ጋር ተሳሳቱ። ከቡድኑ አንድ ሌላ ሰው ብቻ እውነቱን እንዲናገር በተደረገ ጊዜ ግን ስሕተታቸው ወደ አንድ አራተኛው ወረደ። መስመር መለካትና በሰው መሣቅ አንድ አይደሉም። ቢሆንም አብረው የሣቁ ሁሉ ከልባቸው ሣቁ ለማለት እንደማያስደፍር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በአንቀጹ ውስጥ የጎደለ ሌላ ነገር አለ፤ ልጁ ወደ ሰሌዳው የተጠጋበት ምክንያት አልተጻፈም። እንዲህ ያለው መልክ የሚመጣው አልቢኒዝም ከሚባለው የተፈጥሮ ሁኔታ ነው። ለቆዳ፣ ለጠጉርና ለዓይን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የተባለ ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ በጣም ያንሳል፤ ወይም ከነጭራሹ አይኖርም። ብዙውን ጊዜ ከእናትም ከአባትም የሚወረስ ሲሆን ወላጆቹ ራሳቸው ጠይም ሊሆኑ ይችላሉ። አብሮ በመቀመጥ አይተላለፍም፤ የማሰብ ችሎታንም አይነካም። የማየት ኃይልን ግን ያዳክማል፤ መነጽርም ሙሉ በሙሉ አያስተካክለውም። እንግዲህ ልጁ የተነሣው ፊደሉ ከሩቅ ስላልታየው ነው። ከፊት ወንበር ቦታ የሚለቅለት፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን እያነበበ የሚያስገለብጠው አንድ ጓደኛ ቢያገኝ ደብተሩ ባዶ አይውልም ነበር። ፀሐይም ቆዳውን ስለምትጎዳው፣ በዕረፍት ጊዜ ከእርሱ ጋር መጫወት የሚሻ ጨዋታውን ወደ ጥላ ማምጣት ይኖርበታል።

መልመጃ

ሀ. በአንቀጹ ውስጥ አድራጊያቸው የተሸሸገባቸውን ግሦች አውጡ። ከዚያም «እኔ» ወይም «እኛ» የሚል አድራጊ እየሰጣችሁ ዐረፍተ ነገሮቹን እንደገና ጻፉ። በትርጉማቸው ላይ የደረሰውን ለውጥ አስረዱ።

ለ. ታሪኩን ቀጥላችሁ ሁለት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ። በድርሰታችሁ ውስጥ ከክፍሉ ተማሪዎች አንዱ ሳይሥቅ ይቅር፤ ያ ተማሪ የሚናገረውንና የሚያደርገውን ግለጹ። አዲሱን ተማሪ በስሙ ጥሩት።