የማይግሬን መርፌና የሆድ ድርቀት

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ማይግሬን እንዳይነሳብኝ በወር አንዴ አይሞቪግ የተባለውን መርፌ እወጋለሁ። ራስ ምታቱ ቀንሶልኛል፤ ሆዴ ግን ደርቆ ተቸግሬያለሁ። ከመርፌው ይሆን? ላቁመው?

መልስ፦ ከመርፌው ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ሲጂአርፒ የሚባለው ፕሮቲን ሥራውን እንዳይሠራ ይከለክላል። ይህ ፕሮቲን ማይግሬን ቢቀሰቅስም፣ በአንጀት እንቅስቃሴ ላይም ድርሻ አለው፤ የደም ሥርንም ያሰፋል። ስለዚህ ድርቀት ብቻ ሳይሆን የደም ግፊት መጨመርም ስለሚያጋጥም፣ ግፊትዎን ይለኩ። የተወጋው ቦታ መቅላትና ማሳከክ ግን ብዙ አያሳስብም።

መድኃኒቱ በሰዎች ላይ ሲሞከር በወር 140 ሚሊግራም ከወሰዱት ድርቀት የገጠማቸው 3 በመቶ ያህሉ ነበሩ። መድኃኒቱ በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደ በኋላ ግን ሆስፒታል የሚያስተኛ፣ አልፎ አልፎም ለቀዶ ሕክምና የሚያደርስ ድርቀት ታይቷል። እናም ችግርዎን አቅልለው አይዩት።

ቀጣዩን መርፌ ከመወጋትዎ በፊት ሐኪምዎን ያነጋግሩ። ለማይግሬንም የሚታዘዘውን አሚትሪፕቲሊን የተባለ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ይንገሩ፤ እሱም ያደርቃል። ውሃና አትክልት ያብዙ፤ በጾም ወቅት ውሃ የሚጠጡበት ሰዓት ስለሚያጥር ይበልጥ ይጠንቀቁ። መርፌው ቢቆም እንኳ መድኃኒቱ ከሰውነት ለመውጣት ወራት ይወስዳል፤ የዛሬው ውሳኔ ነገ ውጤት አያሳይም። ሐኪምዎ እንደ አጆቪ ወዳለ ሌላ መርፌ ሊቀይርልዎ ይችላል።

ኃይለኛ የሆድ ቁርጠት ከማስመለስ ጋር ከመጣ፣ ወይም ፊትዎ አብጦ መተንፈስ ካቃተዎት፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።