መጠበቅ የሚችል ገንዘብ፦ ስለ አክሲዮን ለቤተሰብ የተዘጋጀ ትምህርት



ዘንድሮ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ስለ ወለድ ስናስተምር አንድ ጥያቄ ከተማሪዎች ደጋግሞ መጣ። «አክሲዮን መግዛት ቁማር ነው ወይስ ቁጠባ?» የሚል ነው። ሽልንግና ብር ጎን ለጎን በሚመነዘርባት ሞያሌ ጥያቄው የልጆች ብቻ አይደለም። ስለዚህ የዚህን ዓመት ትምህርታዊ ጽሑፋችንን ለእሱ አደረግነው። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አክሲዮን ምንድን ነው?

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አክሲዮንም እንዲሁ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን ድርጅት ብዙዎች ተካፍለው ይይዙታል። ባለአክሲዮን በሁለት መንገድ ይጠቀማል። ድርጅቱ ካተረፈው ያካፍለዋል፤ ይህ የትርፍ ድርሻ ይባላል። አክሲዮኑ ዋጋው ሲጨምርም ሸጦ ያተርፋል። በእኛ አካባቢ ቋንቋ ላሟ አክሲዮኑ ናት፣ ወተቷ የትርፍ ድርሻው። ባለ ላም የገበያ ዋጋ ወረደ ብሎ በማግስቱ ላሙን አይነዳም፤ ጤነኛ ናት ወይ፣ ትታለባለች ወይ ብሎ ያያል።

ከ2008 የተማርነው

በ2008 የኬንያ መንግሥት የሳፋሪኮምን ሩብ ድርሻ፣ ማለትም 10 ቢሊዮን አክሲዮን፣ አንዱን በ5 ሽልንግ ለሕዝብ አቀረበ። ከ800,000 በላይ አመልካች ስለቀረበ ብዙው ሰው ከጠየቀው ጥቂቱ ብቻ ደረሰው። ተበድሮ የገባም ብዙ ነበር። በጁን ገበያ ላይ ሲውል ዋጋው ከ7 ሽልንግ አለፈ፤ በ2009 መጀመሪያ ግን ከ3 ሽልንግ በታች ወረደ።

ከመምህራኖቻችን ሁለቱ ገዝተው ነበር። አንደኛው የገዛበት ገንዘብ ለልጁ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ክፍያ ያስቀመጠው ነበር። ጃንዋሪ ሲደርስ ክፍያው አልጠበቀውም፤ ከገዛበት ዋጋ በታች ሸጦ፣ የጎደለውን ተበድሮ ከፈለ። ግዛ ብለን የመከርነው እኛው ባልደረቦቹ ነበርን። «ይህ ገንዘብ ምን ያህል ጊዜ መጠበቅ ይችላል?» ብለን ግን አልጠየቅነውም።

ሁለተኛዋ ከደመወዟ በተረፋት 5,000 ሽልንግ የያዘችውን 1,000 አክሲዮን አልነካችውም። በኦገስት 2021 የአንዱ ዋጋ ከ40 ሽልንግ አለፈ። በ2023 ደግሞ ከ20 በታች ወረደ፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት ድርጅቱ በ2022 ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ሲጀምር ያወጣው ከፍተኛ ወጪ ነው። በማርች 2024 በተዘጋው የበጀት ዓመት የትርፍ ድርሻው ለአንድ አክሲዮን 1.20 ሽልንግ ነበር። ይህ ለእሷ ከግብር በፊት 1,200 ሽልንግ ማለት ነው።

ድርጅቱ አንድ ነው፤ የተገዛበት ዋጋም አንድ ነው። የተለያየው ገንዘቡ ነው፤ የአንዱ ቀጠሮ ነበረበት፣ የሌላዋ አልነበረበትም።

ትዕግሥት ብቻውን አይበቃም

በ2001 ለሕዝብ የተሸጠው ሙሚያስ ስኳር በ2019 በዕዳ ምክንያት አበዳሪ ባንክ በሾመው አስተዳዳሪ እጅ ገባ። እዚያ የታገሠ ሰው ትዕግሥቱ አልጠቀመውም። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ዝናቡ አምስት ወቅት ተከታትሎ ሲቀር ሀብቱ ሁሉ አንድ መንጋ የነበረ ሰው ምን እንደደረሰበት አይተናል። የቦረና አባቶች ከብቶቻቸውን በየዘመዱ መንጋ ከፋፍለው የሚያቆዩት ለዚህ ነው። አክሲዮንም በአንድ ድርጅት ብቻ አይያዝ።

ከወዲያኛው ሞያሌ

የናይሮቢ የአክሲዮን ገበያ ከ1954 ጀምሮ አለ። የኢትዮጵያው የተከፈተው በጃንዋሪ 2025 ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱን በ300 ብር፣ ለኢትዮጵያውያን በቴሌብር አቅርቦ ነበር። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። የተሸጠው ወደ 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። ገበያው ገና ጀማሪ በሆነበት ቦታ መሸጥ ሲፈለግ ገዢ ቶሎ ላይገኝ ስለሚችል፣ መጠበቅ የሚችል ገንዘብ እዚያ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ለጀማሪ የምንመክረው

1. አስቀድማችሁ ዕዳ ክፈሉ፤ የትምህርት ቤት ክፍያና የክፉ ቀን ገንዘብ ለይታችሁ አስቀምጡ።
2. ቢያንስ አምስት ዓመት በማትፈልጉት ገንዘብ ብቻ ግዙ። ተበድራችሁ አትግዙ።
3. እንደ እቁብ ትንሽ በትንሽ፣ በየጊዜው፣ ከተለያዩ ድርጅቶች ግዙ።
4. ኬንያ ውስጥ የአክሲዮን ሒሳብ የሚከፈተው ፈቃድ ባለው ደላላ ወይም ባንክ በኩል ነው። ፈቃዱን ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ዝርዝር አረጋግጡ። «በአንድ ወር እጥፍ» የሚል የስልክ መልእክት አክሲዮን ሳይሆን ወጥመድ ነው።

የቤት ሥራ

ሀ. ገንዘብ በየዓመቱ 8 ከመቶ ቢያድግ በስንት ዓመት እጥፍ ይሆናል? (72ን ለ8 አካፍሉ።) 1,000 ሽልንግ ከ18 ዓመት በኋላ ስንት ገደማ ይደርሳል?

ለ. ከወላጆቻችሁ ጋር ተነጋገሩ፦ በቤታችን ካለው ገንዘብ አምስት ዓመት መጠበቅ የሚችለው የትኛው ነው? መልሱ «ለጊዜው የለም» ቢሆን አያሳፍርም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና፣ ያን ማወቅ ራሱ ከኪሳራ ያድናል። ያኔ ባልደረባችንን ይህን ጠይቀነው ቢሆን ኖሮ የልጁ ክፍያ በጊዜው በተከፈለ ነበር።