የስቅለት ዕለት ጨለማ ግርዶሽ ነበር?

ጥያቄ፦ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ ስትጋረድ ዳንግላ ሆኜ አየሁ። የስቅለት ዕለቱ ጨለማም እንዲህ ያለ ነበር?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ አልነበረም። ፀሐይ የምትጋረደው ጨረቃ በእርሷና በምድር መካከል ስትገባ፣ በሠርቀ ጨረቃ ብቻ ነው። የአይሁድ ፋሲካ ግን በሙሉ ጨረቃ ይውላል። ሙሉ ግርዶሽም 8 ደቂቃ አይሞላም፤ ወንጌል የሚናገረው ስለ ሦስት ሰዓት ነው።

ግርዶሽ የታሪክ ምስክር የሆነው በሌላ ቦታ ነው፤ እኔን ሁልጊዜ ይደንቀኛል። አሦራውያን በዓመታት ዝርዝራቸው የመዘገቡት ግርዶሽ በስሌት ሲፈለግ ከክርስቶስ ልደት በፊት 763 ላይ አረፈ። ከዚያ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ንጉሥ አክዓብ የተሰለፈበት የቃርቃር ጦርነት 853 ላይ ዋለ።

የፋሲካን አቆጣጠር በጥልቀት ለማወቅ የባሕረ ሐሳብ መምህር ይጠይቁ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ፀሐይ እኛ ዘንድ በከፊል ትጋረዳለች፤ ያለ ግርዶሽ መነጽር አይመልከቱ። ከተመለከቱ በኋላ ዓይንዎ ከደበዘዘ ሳይዘገዩ የዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።